ወይዘሮ የትኛው

ፅጌ ማርያም ገብረ ኪዳን ሰው መናቅ የጀመረችው ሕግ ከመማሯ በፊት ነው። አባቷ መሪጌታ ገብረ ኪዳን አንበሳሜ አጠገብ ባለች ደብር ድጓ ያስተምሩ ነበር። እሳቸው ዘንድ ዜማ የሳተ ተማሪ ይገሠጻል፤ ፊደል የሳተ ግን ከሰው አይቆጠርም። ከሌላ ደብር መጽሐፍ ሲመጣላቸው መጀመሪያ ከራሳቸው ጋር ገጽ ለገጽ ያመሳክሩታል። ልዩነት ባገኙ ቁጥር በአፍንጫቸው ሳቅ ይሉና «ይህን ሲጽፍ እጁ ነበር፤ ልቡ ግን ገበያ ወርዷል» ይላሉ። ልጃቸው ድጓውን አልቀጸለችም። ያችን የአፍንጫ ሳቅ ግን ሳታጎድል ወረሰቻት።

አሁን አርባዎቹን አጋምሳለች። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቶች በተደረደሩበት መንገድ ላይ አንዲት ጠባብ የጥብቅና ቢሮ አላት። የሙያ ባልደረቦቿ በስሟ አይጠሯትም። «ወይዘሮ የትኛው» ነው የሚሏት፤ እሷም ታውቃለች። ማንም ሰው በፊቷ «በአዋጁ መሠረት» ብሎ አፉን ከከፈተ ሳታስጨርሰው «የትኛው?» ትላለች።

«የትኛው አዋጅ? ከመሻሻሉ በፊት ያለው ነው በኋላ ያለው? ነገሩ ሲፈጸም ይሠራ የነበረው ነው ወይስ ትናንት በቴሌግራም የደረሰህ?»

እሷ እንደምትለው የከተማው ጠበቃ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ተማሪ ሳለ ያስገለበጠውን ሕግ ጥግ ጥጉ እስኪበላ ድረስ ተሸክሞ የሚዞር ነው፤ ሕጉ ከተሻረ ቆይቷል፣ እሱ ግን አልተነገረውም። ሁለተኛው በስልኩ ላይ መጀመሪያ ያገኘውን አዲስ ሕግ ይዞ ሕጉ ሳይወለድ በፊት የተደረገን ነገር ሊያስፈርድ የሚሮጥ ነው። የመጀመሪያው በሬሳ ይሟገታል፤ ሁለተኛው በፅንስ። ዳኞቹስ? ስለ ዳኞቹ ያላትን አስተያየት ጥብቅና ፈቃዷን ስለምትወደው ጮክ ብላ አትናገረውም።

ጠበቃ ከመሆኗ በፊት በአንድ የክልል ቢሮ ሕግ አርቃቂ ነበረች። እዚያ የነበረው አለቃዋ አቶ ኃይለ ገብርኤል ይባል ነበር፤ ከመፈረሙ በፊት የማያነብ፣ ካነበበም ከመጀመሪያው ገጽ የማያልፍ፣ ለስላሳና የማይቆጣ ሰው ነው። ፅጌ ማርያም ያረቀቀችው ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ኮሚቴ፣ ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ አንድዬ ያውቃል። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ኮሚቴውን በሙሉ «ማንበብ የሚችሉ መሃይማን» ብላ ተናገረች። ይቅርታ ጠይቂ ተባለች። ዣንጥላዋን አንሥታ ወጣች። ከዣንጥላዋ በቀር ከዚያ ቢሮ የያዘችው አንድ ወረቀት እንኳ አልነበረም። ኋላ የቆጫትም ይኸው ነው።

ወይዘሮ ሸጊቱ ወደ ቢሮዋ የመጣችው ዝናቡ ባበቃ ሰሞን ነው። ሸጊቱ ስድሳ ዓመት ያለፋት፣ ድምፅዋ ከሐይቁ ማዶ የሚሰማ፣ ጣና ዳር አሳ እየጠበሰች የምትሸጥ ሴት ነች። ባሏ ሲሞት ቀበሌው በሰጣት ፈቃድ አንዲት የጭቃ ቤት ሠራች። ከቤቱ ፊት ለፊት ደግሞ ወደ ውሃው ጠጋ ብላ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ያለው ሰፊ ዳስ ጣለች። ሰው የሚመጣው ለአሳው ብቻ አይደለም፤ ዳሱ ሥር ተቀምጦ ፔሊካኖቹንና የሚያልፈውን ታንኳ እያየ እጁን በሎሚ ለማሸት ነው። የአንድ ቢሮ ሠራተኞች መጥተው ቤቱም ዳሱም ከሐይቁ ዳርቻ ሃምሳ ሜትር ስላልራቀ ሁሉም ይፈርሳል የሚል ማስጠንቀቂያ ግድግዳዋ ላይ ለጥፈውባት ሄዱ። ቢሮው ፅጌ ማርያም ጥላው የወጣችው ቢሮ ነበር።

«ስሠራ ማንም ሃምሳ አላለኝም» አለች ሸጊቱ ወንበሩን ሞልታው። «ለክተው አሳዩኝ እኮ፤ እዚህ ሥሪ አሉኝ፣ እዚያ ሠራሁ።»

«መቼ ነው የሠሩት፣ እትዬ ሸጊቱ?»

ሸጊቱ ዘመኑን ነገረቻት። ፅጌ ማርያም በአፍንጫዋ ሳቅ አለች። በዚያ ዘመን ይሠራ የነበረውን መመሪያ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ ያረቀቀችው እሷ ናት። ርቀቱ ሃያ ሜትር ነበር። ሃምሳ የሚለው አዲሱ መመሪያ የወጣው ሸጊቱ ከሠራች ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው።

«ሕግ ወደ ኋላ አይሄድም» አለቻት። «ሲሠሩ የነበረው ሕግ ሃያ ነው የሚለው። ማስጠንቀቂያው ላይ በሰፈረው ልኬት እንኳ ቤትዎም ዳስዎም ከሃያ በላይ ይርቃል። አንድ እንጨት እንዳይነቅሉ።»

«እርግጠኛ ነሽ ልጄ?»

«የጻፍሁት እኔ ነኝ።»

ክስ ተመሠረተ፣ ማፍረሱ እንዲቆም እግድ ወጣ። ለቢሮው የቆመው ነገረ ፈጅ አምሐ የሚባል ሰው ነው። አምሐ ሁልጊዜ ሙሉ ልብስ ይለብሳል፣ ሁልጊዜ ይቸኩላል፣ የሚጠቅሰውን ሕግ ሁልጊዜ ከስልኩ ላይ ያነባል። ፅጌ ማርያም ከምትንቃቸው ሰዎች መካከል እሱን የምትንቀው ረጋ ብላ፣ እያጣጣመች ነበር። የመጀመሪያው ቀጠሮ ካለፈ በኋላ አምሐ ኮሪደር ላይ ጠበቃት።

«እኅቴ፣ ለምን እንካረራለን? ሴትዮዋ ዳሱን ብቻ ታንሣ፣ ቤቱን እንተውላታለን። አለቆቼን እኔ አሳምናለሁ።»

«በየትኛው ሕግ ነው የምትተዉላት?»

«ሕግ አይደለም፤ መግባባት ነው።»

«አዎ፣ ሕግ እንዳልሆነ ገብቶኛል» አለችው። «ሕጉን ብታውቀው ኖሮ እንዲህ አትለማመጥም ነበር።»

አምሐ ፊቱ ቀላ። እሷ ደረጃውን ስትወርድ ቀለል ብሏት ነበር። ለሸጊቱም ነገሩን እንደ ቀልድ አድርጋ ነገረቻት፤ ሸጊቱ ሳቀች፣ ግን ሳቋን ቶሎ ነው የዋጠችው።

በሁለተኛው ቀጠሮ አምሐ ተነሥቶ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ከሳሽ የሚጠቅሱት የቀድሞ መመሪያ የሚባል ነገር በቢሮአችን የለም። ያለው ይህ ብቻ ነው» አለና አዲሱን አቀረበ። ዳኛው ወደ ፅጌ ማርያም ዞረው «መመሪያው አለ ካሉ ያቅርቡ» አሉ። የአምሐ ነገር ውሸት ይሁን ድንቁርና መለየት አልቻለችም፤ ካሰበችው በኋላ ድንቁርና ነው ብላ ደመደመች። መዋሸት እኮ እውነቱን ማወቅ ይጠይቃል።

ፍለጋው እንዲህ ተጀመረ።

መጀመሪያ የቢሮውን ድረ ገጽ ከፈተች። የፊት ገጹ ላይ ሪባን የሚቆርጡ ሰዎች ፎቶ ይሽከረከራል። «ሕጎችና መመሪያዎች» የሚለውን ስትነካ አንድ ፋይል ብቻ ወጣ፤ ስሙም «መመሪያ የመጨረሻ የመጨረሻ» ይላል። መቼ እንደ ወጣ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚጸና የሚናገር ነገር የለም። ነገሩ ገባት፤ አዲሱን የጫነው ሰው አሮጌውን እዚያው ቦታው ላይ ደርቦ አጥፍቶታል። ግድግዳ ላይ ቀለም እንደሚደርብ ሰው። የተሻረ ሕግ ከተሻረበት ቀን ጀምሮ ይሞታል እንጂ ድሮም እንዳልተወለደ አይሆንም፤ በሕይወት ሳለ የተሠራውን ቤት የሚዳኘው እሱ ነው። ይህን ግን ለቀለም ቀቢ ማን ያስረዳዋል?

ቀጥላ የአዲሱን መመሪያ የመጨረሻ አንቀጽ አነበበች። ልምድ ያለው ሰው አሮጌ ሕግ ሲፈልግ ከጅራት ነው የሚጀምረው፤ «የተሻሩ ሕጎች» የሚለው አንቀጽ የአሮጌውን ቁጥር ይነግረዋል፣ በቁጥሩ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ከዚያኛው ጅራት ደግሞ ወደ ቀጣዩ። የዚህ ጅራት ግን «ከዚህ መመሪያ ጋር የሚቃረን ማንኛውም መመሪያና ልማዳዊ አሠራር ተፈጻሚነት አይኖረውም» ብሎ ያበቃል። ማንኛውም! የሻሩትን ነገር ስሙን እንኳ አያውቁትም። ፅጌ ማርያም ብቻዋን ተቀምጣ ሳቀች፤ በአፍንጫዋ።

ከዚያ ወደ ሕግ አሰባሳቢዎቹ ድረ ገጾች ሄደች። ጠበቆችና የሕግ ምሩቃን በፈቃዳቸው አዋጁንም ደንቡንም እየሰበሰቡ የሚያስቀምጡባቸው ገጾች አሉ። አንዳንዶቹን እንኳ ሳትወድ በግድ ታከብራቸዋለች፤ በአዋጁ ሥር ማሻሻያውን፣ በማሻሻያው ሥር የማሻሻያውን ማሻሻያ ደርድረው ያስቀምጣሉ። ሌሎቹ ግን ሕጉ የወጣበትን ቀን ትተው እነሱ የጫኑበትን ቀን ይጽፋሉ፤ የአባቱን የልደት ቀን ሲጠየቅ የራሱን እንደሚናገር ሰው። የክልል መመሪያ ደግሞ የትም ብርቅ ነው። በየገጹ የመፈለጊያ ሳጥን ላይ «የሐይቅ ዳርቻ» ብላ ጻፈች። ምንም አልተገኘም አላት። «የጣና ሐይቅ» አለች። ምንም። «ሐይቅ» ብቻ ብላ ጻፈች። አዋጆች መጡ፣ ደንቦች መጡ፣ የእሷ መመሪያ ግን አልመጣም።

እንዲህ ስትል ሰነበተች። መብራት ይሄዳል፣ መብራት ሲመጣ ኔትወርክ ይሄዳል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነባት። ሸጊቱ በየጊዜው ትደውላለች።

«አገኘሽው?»

«አለ፤ አገኘዋለሁ።»

«ካለ የት ሄደ? አንቺው ጽፈሽው አንቺው አጣሽው?»

ፅጌ ማርያም ስልኩን ዘግታ ወደ ፍለጋዋ ተመለሰች።

አንድ ከሰዓት በኋላ አምሐ ያስገባውን የመከላከያ መልስ ስሕተቱን ለመልቀም ደግማ አነበበችው። ይህ ሥራዋም መዝናኛዋም ነበር። «የጣና ሀይቅ» ይላል። በሃሌታው ሀ። አባቷ ቢያዩት ወረቀቱን በጣታቸው ጫፍ ይዘው ወደ ደጅ ያወጡት ነበር። ሐይቅ የሚጻፈው በሐመሩ ሐ ነው፤ ይህን አንበሳሜ ያለ የፊደል ተማሪ ያውቀዋል። እርሳሷን አንሥታ ከሥሩ ልታሰምር ስትል እጇ ቆመ።

ቢሮው ውስጥ በነበረችበት ዘመን የእሷን ጽሑፍ ሁሉ የሚተይቡት ሰዎች ፊደሉን እንደ መጣላቸው ነበር የሚመቱት። ስንት ጊዜ አርማ መልሳላቸዋለች! ኮምፒውተር ደግሞ ዜማ አይሰማም፤ ሐመሩና ሃሌታው ለእሱ ሁለት ባዕዳን ናቸው። እሷ እስካሁን በትክክለኛው ፊደል ነበር የምትፈልገው። መመሪያውን የተየቡት ሰዎች ግን በትክክል ጽፈው አያውቁም።

ፈርዶባት «ሀይቅ» ብላ ጻፈች። ስትጽፈው አመም አደረጋት። አንድ የሕግ ምሩቅ ለመመረቂያ ጽሑፉ የሰበሰበውን የመመሪያዎች ዝርዝር ከጫነበት ገጽ ላይ አንድ መስመር ብቻ መጣ። «የሀይቅ ዳርቻ አጠቃቀም መመሪያ» ይላል፣ ቁጥሩና የወጣበት ቀን አብሮ አለ። ነካችው። «ገጹ አልተገኘም» አላት። ገጹ ባይኖርም ግን አድራሻው እዚያው ነበር፤ ያ ምሩቅ ፋይሉ በዚያ ዘመን የነበረበትን ትክክለኛ አድራሻ ቀድቶ አስቀምጦታል። አድራሻውን ገልብጣ የጠፉ ድረ ገጾችን ቅጂ ወደሚያኖረው የባሕር ማዶ ማከማቻ ሄደች። ይህ ማከማቻ የዓለምን ድረ ገጾች በየጊዜው እየዞረ ይገለብጣል፤ አድራሻ ሲሰጡት የቀን መቁጠሪያ ያወጣል፣ ቅጂ በወሰደበት ቀን ላይ ምልክት ያደርጋል። ብዙ ዓመቶች ባዶ ነበሩ። አንዱ ዓመት ላይ አንዲት ምልክት አየች።

ኔትወርኩ ሄደ።

ተነሥታ መስኮቱ ጋ ቆመች። ከሥር ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ የጄኔሬተር ገመድ እየሳቡ ነው። ኔትወርኩ ሲመለስ ተቀመጠች፣ ምልክቷን ነካች፣ ገጹ እንደ ሽማግሌ እየተነፈሰ ተከፈተ። ስካን የተደረገ፣ ማኅተሙ የዘመመ፣ ዳሩ የጠቆረ። የመጀመሪያው አረፍተ ነገር የእሷ ነው። ሁለተኛውም። ነጠላ ሰረዞቿን እንኳ ለየቻቸው። ደስታዋ እንደ ልጅ ነበር፤ ለማን እንደምትደውል እያሰበች ወደ ርቀቱ አንቀጽ ወረደች።

ሠላሳ ሜትር ይላል።

ደግማ አነበበችው። ሠላሳ፤ በፊደልም በቁጥርም። ሃያ የነበረው ረቂቋ ላይ ነው። ረቂቋ ከእጇ ወጥቶ ማኅተም እስኪያርፍበት ድረስ በመካከል አንድ ሰው ቀይሮታል፤ እሷ ደግሞ የወጣውን መልሳ አንብባው አታውቅም። የራሷን ጽሑፍ ማንበብ ምን ያስፈልጋታል? ከተማውን ሙሉ «የትኛው?» እያለች ስታዋርድ የኖረች ሴት ረቂቅ ይዛ ፍርድ ቤት ገብታለች።

የሸጊቱ ቤት ከውሃው ከሠላሳ ሜትር በላይ ይርቃል። ዳሱ ግን አይርቅም፤ ከሃያው በላይ፣ ከሠላሳው በታች ነው።

ማንም አላየም። መመሪያውን ባታቀርበው ምን ይመጣል ብላ አሰበች። ምስክር ጠርታ፣ የቀበሌውን ፈቃድ ይዛ፣ ስለ ሃያው በቃል ተከራክራ ዕድሏን መሞከር ትችላለች። አምሐ እንደሆነ እስከ ምጽአት ቢፈልግ አያገኘውም። ይህን ስታስብ ሰውነቷን እንደ ቅንቅን አሳከካት። አሮጌውን ሕግ ደርበው ያጠፉትን ሰዎች ስትንቅ ኖራ፣ ያገኘችውን እሷው ልትቀብረው? እንደ እነሱ ከምትሆን መሸነፉን መረጠች። ጽድቅ አልነበረም፤ ንቀት ነው። ለሸጊቱ መንገር ግን ነበረባት።

ባጃጅ ይዛ ወደ ሐይቁ ወረደች። ሸጊቱ ዳሱ ሥር አሳ ትበልት ነበር። ፅጌ ማርያም ሳትቀመጥ ነገረቻት፤ ሁሉንም፣ ሃያውንም ሠላሳውንም። ሸጊቱ ቢላዋዋን አላቆመችም።

«ታዲያ ዳሱ?»

«ዳሱ ይነሣል። ቤቱ ግን ይድናል፤ ማንም አይነካውም።»

«ያ ነገረ ፈጅ ያለሽም ይኸንኑ አልነበር? ዳሱን አንሺ፣ ቤቱን ውሰጂ አላለም?»

«እሱ በችሮታ ነው ያለው፣ እትዬ። የዛሬ ዓመት ሌላ አለቃ ሲመጣ ይነጥቅዎታል። ይኸኛው በፍርድ ነው፤ በሕግ።»

ሸጊቱ የአሳውን ጭንቅላት ወደ ውሃው ወረወረችው። ፔሊካን ተሻማው።

«የሱ ችሮታ፣ ያንቺ ፍርድ። ልዩነቱን ልብላው?» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ «እርግጠኛ ነሽ ወይ ብየ ጠይቄሽ ነበር» አለች። አልጮኸችም። ያች ከሐይቁ ማዶ የምትሰማ ሴት ያን ጊዜ ብቻ ነው ዝግ ብላ የተናገረችው፤ ፅጌ ማርያምን ያሳመማትም እሱ ነበር።

በቀጠሮው ቀን መመሪያውን አቀረበች። አምሐ ሳያነበው ተነሥቶ «ይህ ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ የኢንተርኔት ወረቀት ነው» አለ። እሷም ቁጥሩንና ቀኑን ጠቅሳ፣ የቢሮው መዝገብ ቤት በዚህ ቁጥር ዋናውን እንዲያቀርብ ይታዘዝልኝ አለች። ታዘዘ። ድሮም የለም የተባለው መመሪያ ቁጥሩ ሲታወቅ ወዲያው ተገኘ፤ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም ብሎ ነበር አሉ። በሚቀጥለው ቀጠሮ አምሐ ዋናውን ይዞ ቀረበ። በመንገድ ላይ፣ ምናልባት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሚያቀርበውን ሰነድ አንብቦት ነበር።

«ክቡር ፍርድ ቤት» አለ፣ ድምፁን ማር አድርጎ። «ከሳሽ በክሳቸው ሃያ ሜትር ብለዋል። እዚህ የተጻፈው ሠላሳ ነው። ጠበቃዋን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ፤ ሃያ የሚለው መመሪያ የትኛው ነው?»

ከኋላ የተቀመጡት ጠበቆች ሳቁ። ዳኛውም ከንፈራቸውን ነከሱ። ፅጌ ማርያም ጆሮዋ ነደደ፤ ግን ቆማ «የጻፍሁት ስሕተት ነው፤ ክሱ በሠላሳ እንዲስተካከልልኝ አመለክታለሁ» አለች። ተቀመጠች። ሳቁ ቶሎ አላበቃም።

ፍርዱ እሷ እንዳለችው ሆነ፤ ቤቱ በጊዜው በነበረው መመሪያ መሠረት የተሠራ ስለሆነ እንዳይነካ፣ ዳሱ ግን እንዲነሣ። አምሐ በር ላይ እጁን ዘረጋላት። እንዳላየች አለፈችው።

በሳምንቱ አቶ ኃይለ ገብርኤልን ልትጠይቀው ሄደች። ጡረታ ወጥቷል፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ዘንዘልማ አዲስ በተሠሩት ቤቶች መካከል የራሱን ሠርቶ ይኖራል። ነጠላውን አጣፍቶ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ዕድሜ ሲጨምር አንቱ ማለት ግድ ነውና አንቱ አለችው።

«ሃያውን ማን ነው ሠላሳ ያደረገው? እርስዎ ነዎት?»

ብዙ አሰበ። «አላስታውስም ልጄ። ስብሰባ ላይ ይመስለኛል። አንዱ ቁጥሩ ሞላ ያለ ቢሆን ይሻላል አለ።»

«ሃያስ ሞላ ያለ አይደለም?»

«ነው» አለ ኃይለ ገብርኤል፣ በእውነት ተገርሞ። «እሱም ሞላ ያለ ነው።»

ከውሃው ሙላት ጋር የተያያዘ፣ ወይ ከአሳ አስጋሪዎቹ፣ ብቻ አንድ ምክንያት ይኖራል ብላ ነበር የሄደችው። ምክንያት ቢኖር መሸነፏም ክብር ያገኝ ነበር። ምንም አልነበረም። የአንዲት ሴት ዳስ የፈረሰው፣ እሷም በአደባባይ የተሳቀባት፣ ስሙ በማይታወስ ሰው አፍ ላይ ድንገት በመጣ አንድ ቁጥር ነው። ሻይ ይፈላልሽ አላት፤ አመስግና ወጣች። በሚኒባሱ ውስጥ መሳቅ አማራት፣ የአፍንጫው ሳቅ ግን አልመጣላትም።

ቢሮው በበኩሉ ከነገሩ ተማረ፤ ማለትም ቢሮ እንደሚማረው ተማረ። ከፍርዱ በኋላ አንድ ቀን ድረ ገጹን ስትከፍት የድሮው መመሪያ ተጭኖ አገኘችው። ደስ ሊላት ሲል አዲሱን ፈለገችው። የለም። አሮጌውን ጫኑ ሲባሉ እዚያው አዲሱ ላይ ደርበው ጭነውታል። አሁን ለከተማው ሁሉ የሚታየው የተሻረው ብቻ ነው። ለቢሮው ደብዳቤ ጻፈች፤ ሁለቱንም አኑሩ፣ እያንዳንዱ ከመቼ እስከ መቼ እንደ ጸና ከላዩ ላይ ጻፉበት ብላ። መልስ እስካሁን የለም። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ የሚወጣውን መመሪያ ሁሉ በወጣበት ቀን አውርዳ ታስቀምጣለች፣ አድራሻውንም ለዚያ የባሕር ማዶ ማከማቻ ትሰጠዋለች። የራሷን ጽሑፍም ማኅተም ካረፈበት በኋላ ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች ታነበዋለች።

ዳሱ የፈረሰ ቀን ሳይጠሯት ሄደች። ሸጊቱ ሁለት ሠራተኛ ቀጥራ ምሰሶውን እያስነቀለች ከቤቱ ጀርባ፣ ከአዲሱ ሃምሳ ሜትርም ወዲያ፣ እንደገና ልታስተክለው ነበር። ከዚያ ሐይቁ አይታይም፤ የሚታየው የጎረቤት የቆርቆሮ አጥር ነው። ሸጊቱ አየቻት። ሰላም አላለቻትም፣ ሂጂም አላለቻትም።

«ያንን ጫፍ ያዥ» አለቻት ረጅሙን ባሕር ዛፍ በአገጯ እያሳየች።

ፅጌ ማርያም የፍርድ ቤት ጫማዋ ጭቃው ውስጥ እየሰመጠ ጫፉን ያዘች። አንደኛው ሠራተኛ ማዶ ሆኖ ማገሩን ከምሰሶው ጋር በልጥ ያስር ጀመር። አየችው፣ አየችው፣ አልቻለችም።

«ይህን ነው ማሰር የምትለው?» አለችው። «ፍታው። ፍታውና እንደገና እሰረው።»

ሠራተኛው ወደ ሸጊቱ አየ። ሸጊቱ ቋጠሮውን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ ላላ ያለ መሆኑን አይታ፣ «ፍታው» አለችው።